የጌም ሞድ አርካይቭ ፈትቶ መልሶ ማሸግ፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ፋይል?

ጥያቄ፦ «ያወረድኩት ሞድ በአንድ የፓክ ፋይል ታሽጎ የመጣ ነው። ውስጡ ካለው አንድ ቴክስቸር ብቻ ቀይሬ መመለስ ፈልጌ ነበር። ሰቨን-ዚፕ አልከፍትም አለኝ። ሌላ ፕሮግራም ፈታልኝ፤ ምስሉን ቀይሬ መልሼ ሳሽገው ግን ጌሙ ሎዲንግ ላይ ይዘጋል። የሚፈታም የሚያሽግም፣ ለሁሉም ጌም የሚሠራ አንድ መሣሪያ አለ?»

ምላሽ፦

ለሁሉም የሚሠራ የለም። ለምን እንደሌለ ማወቁ ግን ችግርዎን በግማሽ ይፈታል። መፍታትና ማሸግ የአንድ ሥራ ሁለት ጫፎች ይመስላሉ እንጂ ክብደታቸው አይገናኝም። ለመፍታት እያንዳንዱ ፋይል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅና በምን እንደተጨመቀ ማወቅ ይበቃል። ለማሸግ ግን ጌሙ ሲያነብ የሚጠብቀውን ሁሉ ማሟላት ግድ ነው፦ የማውጫው አቀማመጥ፣ የእያንዳንዱ ፋይል መጠን፣ የመጭመቂያው ዓይነት፣ ፋይሎቹ የሚያርፉበት የባይት ድንበር፣ ቼክሰም (ፋይሉ አለመለወጡን ማረጋገጫ ቁጥር) ካለ ቼክሰሙ፣ ፊርማ ካለ ፊርማው። አንዱ ከተዛነፈ እርስዎ ያዩት ይመጣል፤ መፍቻው ደህና ይሠራል፣ ጌሙ ይዘጋል። ኢንተርኔት ላይ ከሚገኙት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ፈቺ ብቻ ሆነው የቀሩትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ «የትኛው ፕሮግራም?» ከማለትዎ በፊት «ይህ ፋይል ምንድነው?» ቀጥሎም «መክተት የግድ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ቅጥያውን አይመኑ

ፓክ ማለት እሽግ ነው፤ ጌም ሠሪ ሁሉ የራሱን እሽግ ፓክ ብሎ ሊጠራ ይችላል፣ ብዙዎቹም ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኩዌክ ፓክ አለው፤ በአንሪል ኢንጂን (ብዙ ጌሞች የሚሠሩበት መሠረታዊ ሶፍትዌር) የተሠሩ ጌሞችም ፓክ አላቸው፤ ሁለቱ ግን ከስማቸው በቀር ምንም ዝምድና የላቸውም። ለአንዱ የተሠራ መሣሪያ ሌላውን አይከፍትም፣ ከከፈተም ቆሻሻ ያወጣልዎታል።

ማንነቱን የሚነግርዎ ውስጡ ነው። ኤችኤክስዲ ወይም ኢምሄክስ የሚባሉት ሄክስ ኤዲተሮች (የፋይልን ባይቶች በቁጥር የሚያሳዩ ፕሮግራሞች) ነፃ ናቸው፤ በአንዱ ፋይሉን ይክፈቱና የመጀመሪያዎቹን 16 ባይቶች ይመልከቱ። በስተቀኝ ባለው የፊደል ዓምድ «ፒኬ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በቁጥሩ በኩል ደግሞ ከእነሱ ቀጥሎ 03 04 ካዩ፣ ስሙ ምንም ቢሆን ፋይሉ ተራ ዚፕ ነው። የኩዌክ 3 ፒኬ3 ፋይሎች፣ የማይንክራፍት ጃርና ሪሶርስ ፓኮች ሁሉ ዚፕ ናቸው፤ ሰቨን-ዚፕ ይበቃቸዋል። «ፒ-ኤ-ሲ-ኬ» የሚሉ አራት ፊደላት የኩዌክ ዘመድ መሆኑን ይናገራሉ። «አይዋድ» ወይም «ፒዋድ» ከሆነ ዱም፣ «ቪኢአር2» ከሆነ የጂቲኤ ሳን አንድሪያስ አይኤምጂ፣ «ቢኤስኤ» ከሆነ ኦብሊቪየን ወይም ስካይሪም፣ «ቢቲዲኤክስ» ከሆነ የፎልአውት 4 ቢኤ2፣ «ዩኒቲኤፍኤስ» ከሆነ የዩኒቲ አሴት በንድል፣ «ጂዲፒሲ» ከሆነ ጎዶት፣ «አርፒኤ-3.0» ከሆነ ሬንፓይ ነው። ፊደል ሳይሆን 34 12 ኤኤ 55 የሚሉ አራት ባይቶች ከመጡ የቫልቭ ቪፒኬ ነው።

አንሪል ግን እዚህ ላይ ያሳስታል። የአንሪል ፓክ መለያውን ራሱ ላይ ሳይሆን ጅራቱ ላይ ነው የሚይዘው። መጀመሪያውን አይተው «ምንም የለም» ብለው አይተዉት፤ በኮንትሮል-ኤንድ ወደ መጨረሻው ይውረዱና በመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ገደማ ባይቶች ውስጥ ኢ1 12 6ኤፍ 5ኤ የሚል ተከታታይ ይፈልጉ። ካገኙት አንሪል ነው። ከፓኩ ጎን በዚያው ስም ዩቶክ እና ዩካስ የሚል ቅጥያ ያላቸው ሁለት ፋይሎች ካሉ ደግሞ አዲሱ የአንሪል አስተሻሸግ ነው፤ ዩቶኩን ቢከፍቱት ገና ከመነሻው -==--==--==--==- የሚል መስመር ያያሉ። በዚህ ጊዜ ፓኩ ባዶ ቅል ነው ማለት ይቻላል፤ ዕቃው ያለው ዩካሱ ውስጥ ነው። «ፓኩን ፈታሁት፣ ምንም አላገኘሁም» የሚለው የተለመደ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሄክስ የማያነቡ ከሆነ የጌሙን ፎልደር ማየትም ይረዳል። ዩኒቲፕሌየር የሚል ዲኤልኤል ካለ ዩኒቲ ነው፤ ኮንተንት የሚል ፎልደር ውስጥ ፓክስ የሚል ንዑስ ፎልደር ካለ አንሪል ነው። እርስዎ የገለጹት ምልክት፣ ማለትም ፓክ ሆኖ ሰቨን-ዚፕ የማይከፍተው፣ ወደ አንሪል ያመዝናል፤ በኋላ ዝርዝሩን እሰጥዎታለሁ።

አርካይቭ ውስጡ ምን ይመስላል?

የኩዌክን ፓክ በእጅ ማንበብ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ የሌሎቹም ጠባይ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ 12 ባይቶች ራስጌ ናቸው፦ 4ቱ የመለያ ፊደላት፣ 4ቱ ማውጫው የሚጀምርበት ቦታ፣ 4ቱ የማውጫው ርዝመት። ማውጫው ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል 64 ባይት ይይዛል፦ 56ቱ ከነፎልደሩ ስሙ፣ 4ቱ መነሻው፣ 4ቱ መጠኑ። የማውጫው ርዝመት 6,400 ከሆነ ውስጡ 100 ፋይል አለ። ቁጥሮቹ ከትንሹ ባይት ስለሚጀምሩ 10 27 00 00 የሚለውን ወደኋላ ያነቡታል፤ በሄክስ 2710፣ በተለመደው አቆጣጠር 10,000 ማለት ነው።

እንግዲህ 10,000 ባይት የነበረውን ፋይል አውጥተው 10,500 ባይት የሆነ ቢተኩበት ምን ይሆናል? ማውጫው አልተነካም እንበል። ትርፉ 500 ባይት ቀጥሎ ባለው ፋይል ራስ ላይ ይጻፋል፤ ጌሙ ደግሞ ከእርስዎ ፋይል 10,000ውን ብቻ አንብቦ ይተወዋል። አንድ ፋይል ቀየርኩ ብለው ሁለት አበላሹ ማለት ነው። ክራሹም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከነኩት ፋይል ሳይሆን ከጎረቤቱ ስለሆነ ሰውን ግራ ያጋባል። ደህና አሻጊ ፋይሉን ከከተተ በኋላ ከእሱ በታች ያሉትን ሁሉ ገፍቶ የእያንዳንዱን መነሻ አዲስ ይጽፋል።

ሳን አንድሪያስ ትንሽ ይለያል። የአይኤምጂ ፋይሉ የሚለካው በባይት ሳይሆን እያንዳንዳቸው 2,048 ባይት በሆኑ ብሎኮች ነው። 10,000 ባይት የሆነ ፋይል 5 ብሎክ፣ ማለትም 10,240 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 10,200 የሆነ ምትክ ያለ ችግር ይገባል፣ 10,500 የሆነው ግን 6 ብሎክ ይፈልጋል። መሣሪያው ቦታ ሲያጣ አዲሱን መጨረሻ ላይ ይጨምርና የድሮውን ቦታ ክፍት ይተወዋል። አይኤምጂ ኤዲተሮች ላይ ሪቢልድ የሚል ትዕዛዝ ያለው ያንን ክፍተት ለመድፈን ነው፤ ብዙ ከቀያየሩ በኋላ ካልተጠቀሙበት ፋይሉ ያለ ልክ ያብጣል። የፋይል ስም ደግሞ እዚያ ከ24 ባይት አያልፍም፤ ረጅም ስም ሰጥተው «ጌሙ አያገኘውም» ማለት የተለመደ ነው።

ሳይከትቱ መሻር ከተቻለ አይክተቱ

ማሸግን ከመማርዎ በፊት ማሸግን መሸሽ ይማሩ። አብዛኞቹ ኢንጂኖች ዋናውን አርካይቭ ሳይነኩ የተለወጠውን ፋይል ብቻ ከጎን የሚያነቡበት መንገድ አላቸው። ዱም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ጀምሮ አይዋዱ ዋናው፣ ፒዋዱ ተደራቢው ነው፤ ስማቸው አንድ ከሆነ ተደራቢው ያሸንፋል። ኩዌክ 3 ፒኬ3ዎቹን በፊደል ተራ ያነብና በኋላ የመጣው ይሽራል፤ ሞድ ሠሪዎች የፋይላቸውን ስም በዜድ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ስካይሪም ላይ ዳታ ፎልደር ውስጥ በትክክለኛው ንዑስ ፎልደር ያለ ልቅ ፋይል ቢኤስኤ ውስጥ ካለው ይቀድማል፤ ፎልአውት 4 ላይም እንዲሁ ነው፣ ግን መጀመሪያ ኢኒ ፋይሉ (የጌሙ ማስተካከያ ፋይል) ላይ መፍቀድ ያስፈልጋል፤ ሞድ ኦርጋናይዘር 2 እና ቮርቴክስ ይህን ራሳቸው ያደርጉልዎታል። ቲም ፎርትረስ 2 ከስተም የሚል ፎልደር አለው። ለሳን አንድሪያስ ሞድ ሎደር የሚባለው ተጨማሪ አለ፤ ፋይሉን ፎልደሩ ውስጥ መጣል ነው፣ አይኤምጂው አይነካም። ለጂቲኤ 5 ኦፕንአይቪ ሞድስ የሚል ፎልደር ውስጥ የአርፒኤፍ ፋይሉን ቅጂ አስቀምጦ ቅጂው ላይ ብቻ እንዲሠሩ ያደርጋል።

አንሪል ላይ ያለው መሻሪያ ለእርስዎ በቀጥታ ይሠራል። ኢንጂኑ ስሙ በ«_ፒ» (በእንግሊዝኛው ፊደል) የሚያልቅ ፓክን እንደ ፓች ቆጥሮ ከሌሎቹ ያስቀድመዋል። ከዚያ ፊት ቁጥር ካለ ደግሞ ቁጥሩ የበለጠው ይቀድማል። ስለዚህ የወረደው ሞድ በ«_ፒ» የሚያልቅ ከሆነ እሱን ፈትተው መልሰው ማሸግ የለብዎትም። የቀየሩትን ቴክስቸር ብቻ የያዘ ትንሽ ፓክ ይሥሩ፣ ስሙን በ«_9_ፒ» ይጨርሱ፣ ከሞዱ ጎን ያስቀምጡት። ካልወደዱት ይሰርዙታል፤ የተበላሸ ነገር የለም። ሞዱ ነገ አዲስ ቅጂ ቢያወጣም የእርስዎ ለውጥ አብሮ አይጠፋም።

መሣሪያዎቹ

ለአንሪል ለማየትና ለማውጣት ኤፍሞዴል ምርጡ ነው፤ ግን አያሽግም። ፓኩ ኤኢኤስ በሚባለው ማመስጠሪያ ከተቆለፈ ቁልፉን ይጠይቅዎታል፤ በአንሪል 5 በተሠሩት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዩኤስማፕ የሚባል የጌሙን ካርታ ፋይል ይፈልጋል። ለማሸግ ሪፓክ አለ፤ በኮማንድ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን ይፈታል፣ ያሽጋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ኢንፎ በሚለው ትዕዛዙ የፓኩን ቨርዥንና ማውንት ፖይንት (ፋይሎቹ የሚያርፉበት የፎልደር መነሻ አድራሻ) ይነግርዎታል። ዩቶክና ዩካስ ላላቸው ሪቶክ የሚባለው ወደ ድሮው መልክ ይቀይርና መልሶ ወደ አዲሱ ይለውጣል። ከኢንጂኑ ጋር የሚመጣው አንሪልፓክም ያሽጋል።

ለስካይሪምና ለፎልአውት፦ ለመፍታት ቢኤስኤ ብራውዘር ወይም ቢኤኢ፣ ለማሸግ ቢኤስአርች፤ ለፎልአውት 4 ከክሪኤሽን ኪት ጋር የሚመጣው አርካይቭ2 ይመረጣል። የድሮው ስካይሪም በዜድሊብ፣ ስፔሻል ኤዲሽኑ በኤልዜድ4 ነው የሚጨምቀው፤ ቨርዥኑም 104 እና 105 ነው። የአንዱን ለሌላው መስጠት ጌሙ ሲከፈት እንዲዘጋ ያደርጋል። ድምፅ ያለበትን ቢኤስኤ ሳይጨምቁ ያሽጉ፤ የተጨመቀ ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ቢኤ2 ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ለጠቅላላ ፋይል ሌላው ለቴክስቸር፤ ቴክስቸርን በጠቅላላው ውስጥ አያሽጉ።

ለዩኒቲ አሴትስቱዲዮ ፈቺ ብቻ ነው፤ መልሶ መክተት ከፈለጉ ዩኤቢኢኤ ነው የሚያስፈልግዎት። ለቫልቭ ጂሲኤፍስኬፕ ይፈታል፤ ለማሸግ ከጌሙ ጋር የሚመጣው የቪፒኬ ፕሮግራም ላይ ፎልደሩን መጎተት ይበቃል። ለጎዶት ጂዲአርኢ ቱልስ፣ ለሬንፓይ አንአርፒኤ፣ ለድሮ የብሊዛርድ ጌሞች የላዲክ ኤምፒኪው ኤዲተር። ኤምፒኪው የፋይል ስሞችን በሃሽ (ከስሙ በሚሰላ ቁጥር) ብቻ ስለሚይዝ የስም ዝርዝር ካልሰጡት ስም የለሽ ፋይሎች ነው የሚያዩት፤ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ።

ከነዚህ በአንዱም ውስጥ ካልገባ ኩዊክቢኤምኤስ ይቀራል። «ለሁሉም» ለሚለው ጥያቄዎ የሚቀርበው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ለየጌሙ የተጻፈ አጭር ስክሪፕት እየተቀበለ ይፈታል፤ ስክሪፕቱ ከተገኘ ሥራው ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙን ከፍቶ መጀመሪያ ስክሪፕቱን፣ ቀጥሎ አርካይቩን፣ በመጨረሻ ማስቀመጫ ፎልደሩን መምረጥ። አርካይቩ ከ4 ጊጋባይት ከበለጠ በዚያው ጥቅል ውስጥ ስሙ ላይ 4ጂቢ የሚል የተጨመረበትን ፕሮግራም ይጠቀሙ። መልሶ ለመክተት ሪኢምፖርት የሚል ባች ፋይል አለው፤ ያንኑ ስክሪፕት፣ ያንኑ አርካይቭና ያንኑ ፎልደር ይሰጡታል፣ ፎልደሩ ውስጥ ግን የቀየሩትን ፋይል ብቻ ያስቀሩ። ገደቡን ይወቁ፦ አዲሱ ፋይል ከድሮው ቦታ በልጦ መገኘት የለበትም። ሪኢምፖርት2 የሚለው ትልቁን ፋይል አርካይቩ መጨረሻ ላይ ጨምሮ ማውጫውን ለማረም ይሞክራል፤ ማውጫው በግልጽ መነሻና መጠን ካልያዘ ግን አይሳካለትም። ጌሙ የሚመረምረው ቼክሰም ካለ እሱን አያድስም።

የቴክስቸሩ መጠን

የሪኢምፖርት ገደብ ሰውን ያስፈራል እንጂ ለቴክስቸር ብዙም አይከብድም። የጌም ቴክስቸር በአብዛኛው ዲዲኤስ የሚባል የምስል ፋይል ነው፤ የዲዲኤስ መጠን የሚወሰነው በምስሉ ይዘት ሳይሆን በስፋቱ፣ በቅርጸቱና በሚፕማፑ (ከሩቅ ሲታይ የሚያገለግሉ እያነሱ የሚሄዱ የምስሉ ቅጂዎች) ቁጥር ነው። ቢሲ7 የሚባለው ቅርጸት ለአንድ ፒክሰል አንድ ባይት ይወስዳል፤ 2048 በ2048 የሆነ ምስል 4,194,304 ባይት ይሆናል። እስከ 1 በ1 የሚወርዱት ሚፕማፖች ሲጨመሩ 5,592,432፤ ከ148 ባይት ራስጌ ጋር 5,592,580። ተራራ ይሳሉበት ባዶ ነጭ ያድርጉት፣ ቁጥሩ አይለወጥም። ስለዚህ ኦሪጂናሉን ስፋት፣ ቅርጸትና የሚፕማፕ ቁጥር ጠብቀው ካስቀመጡ አዲሱ ፋይል ከድሮው ጋር በባይት እኩል ይሆናል፤ ያልተጨመቀ አርካይቭ ውስጥ ልክ በልክ ይገባል። አርካይቩ ራሱ የሚጨምቅ ከሆነ ግን ዝርዝር የበዛበት ምስል ሲጨመቅ ሊበልጥ ይችላል፤ ያኔ ነው ሪኢምፖርት2 ወይም ሙሉ ማሸጊያ የሚያስፈልገው።

ዲዲኤስን በፔይንት ዶት ኔት ወይም በጊምፕ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በብዛት ለመቀየር የማይክሮሶፍቱ ቴክስኮንቭ ይሻላል። ኖርማል ማፕን (ብርሃን ገጽታው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚነግረውን ምስል) እንደ ተራ ቀለም አያስቀምጡ፤ አንሪል ላይ በአብዛኛው ቢሲ5 ነው፣ በሌላ ቅርጸት ከገባ ብርሃኑ የተገላበጠ ወይም የተቦጫጨቀ ይመስላል።

አንሪል ውስጥ ዲዲኤሱ ራሱን ችሎ አይቀመጥም፤ ዩአሴት፣ ዩኤክስፕ፣ አንዳንዴም ዩበልክ በሚባሉ ሁለት ወይም ሦስት ፋይሎች ውስጥ ተከፋፍሎ ይገባል። ፒኤንጂ ፋይልን ስሙን ዩአሴት ብሎ መቀየር ክራሽ መጥራት ነው። ዩኢ4-ዲዲኤስ-ቱልስ የሚባለው ኦሪጂናሉን ዩአሴት ተቀብሎ የእርስዎን ዲዲኤስ ይከትበታል፤ ሦስቱንም ፋይሎች አንድ ላይ ይዘው ወደ ፓኩ ይውሰዱ። የጌሙን የአንሪል ቨርዥን በትክክል ይንገሩት፤ 4.26ን 4.27 ማለት ብቻ ይበቃል ለማበላሸት።

ምንም ሳይቀይሩ ያሽጉ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው፣ ግን ብዙ ሰዓት የሚያተርፈው ሙከራ ይሄ ነው፤ ችግሩ ከማሸጉ ይሁን ከምስሉ የሚለየው እሱ ብቻ ነው።

1. ፓኩን አጭር መንገድ ወዳለው ፎልደር ይቅዱ፤ ለምሳሌ ዲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ። የፎልደሩ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሁን። የቆዩ መሣሪያዎች በአማርኛ የተጻፈ ስም አያነቡም፤ የዊንዶውስ የተጠቃሚ ስምዎ በአማርኛ ከሆነ ዴስክቶፕ ላይ መሥራትም እንዲሁ ያስቸግራል። በጣም ረጅም መንገድ ደግሞ የዊንዶውስን የ260 ፊደል ገደብ ያልፍና አንዳንድ ፋይል ሳይፈታ ይቀራል።

2. በሪፓክ ኢንፎ ቨርዥኑን፣ ማውንት ፖይንቱን፣ መጨመቂያውንና መቆለፍ አለመቆለፉን አይተው ይጻፉ። ማውንት ፖይንቱ ብዙ ጊዜ ../../../ ነው።

3. ይፍቱት። ምንም ሳይነኩ በዚያው ቨርዥንና በዚያው ማውንት ፖይንት መልሰው ያሽጉት።

4. ያሸጉትን ሌላ ፎልደር ውስጥ ፈትተው ከመጀመሪያው ጋር ፋይል በፋይል ያወዳድሩ፤ ሰቨን-ዚፕ በቀኝ ክሊክ የሚሰጠው ኤስኤችኤ-256 ይበቃል። ሁለቱን ፓኮች ራሳቸውን አያወዳድሩ፤ የፋይሎቹ ቅደም ተከተል ስለሚለያይ እኩል ባይሆኑ አይገርምም።

5. ያሸጉትን በሞዱ ቦታ አስቀምጠው ጌሙን ይክፈቱ።

አሁንም ከተዘጋ ጥፋቱ ከማሸጉ ነው፤ ቨርዥኑንና መጨመቂያውን ይፈትሹ። ከሠራ ደግሞ የተበላሸው ምስሉ ነው።

ምልክቱን ከምክንያቱ ጋር ለማገናኘት፦ ሎዲንግ ላይ መዘጋት በአብዛኛው የጎደለ ዩኤክስፕ፣ የተሳሳተ ቨርዥን ወይም ጌሙ የማያውቀው መጨመቂያ ነው። ጌሙ ደህና ተከፍቶ ለውጡ ካልታየ መንገዱ ተሳስቷል፤ ፓኩ ውስጥ ያለው አድራሻ ከኦሪጂናሉ ጋር እስከ መጨረሻው ፊደል መመሳሰል አለበት። ዚፕ በሆኑት ላይ ይህ ስሕተት በሌላ መልክ ይመጣል፦ የማይንክራፍት ሪሶርስ ፓክ ውስጥ ፓክ ዶት ኤምሲሜታ የሚለው ፋይል ገና ዚፑ ሲከፈት መታየት አለበት፤ ፎልደሩን ራሱን በቀኝ ክሊክ ዚፕ ካደረጉት አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀርና ጌሙ ፓኩን አያየውም። ፎልደሩ ውስጥ ገብተው ሁሉንም መርጠው ነው ዚፕ የሚያደርጉት። መጨመቂያውንም ዲፍሌት ላይ ይተዉት፤ ድሮ የወጡ ጌሞች ኤልዜድኤምኤ የተጨመቀ ዚፕ አያነቡም። ቴክስቸሩ ከቅርብ ጥሩ ሆኖ ከሩቅ የሚጠቁር ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሚፕማፕ ረስተዋል።

ሌላም አለ፤ አንዳንድ ጌሞች ከፓኩ ጎን ሲግ የሚል የፊርማ ፋይል ይይዛሉ። ጌሙ ፊርማ የሚመረምር ከሆነ ምንም ያህል በትክክል ቢያሽጉት ያልተፈረመውን አይቀበልም፤ መሣሪያ መቀያየር አይረዳም። ኦንላይን ጌም ላይ ደግሞ የተለወጠ አርካይቭ በፀረ-ማጭበርበሪያው ሊያሳግድዎ ይችላል፤ ሙከራዎን ብቻዎን በሚጫወቱት ላይ ያድርጉት።

መሣሪያ ሲያወርዱ ሠሪው ራሱ ካስቀመጠበት ገጽ፣ ብዙ ጊዜ ከጊትሃብ የሪሊስ ክፍል ይውሰዱ። የማይታወቅ ሠሪ ፕሮግራም ላይ ዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ማሳየቱ ብቻውን ቫይረስ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቫይረስቶታል ላይ ይፈትሹት። ፓስወርድ ባለው ዚፕ ታሽጎ «መጀመሪያ አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» የሚልን ግን ሳያቅማሙ ይተዉት።

ኦሪጂናሉን ሁልጊዜ ከጌሙ ፎልደር ውጭ ይቅዱ። ስቲም የጌሙን ፋይሎች መርምሮ የተበላሸውን መልሶ ማውረድ ይችላል፣ ያ ግን የጌሙን እንጂ የሞዱን አይመልስልዎትም። የሠሩትን ለሌሎች ማጋራት ከፈለጉ ያቺን ትንሿን መሻሪያ ፓክ ብቻ ያውጡ፣ ያንንም የሞዱን ሠሪ አስፈቅደው፤ የሰውን ሞድ ሙሉውን ፈትቶ እንደገና ማውጣት ተገቢ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልሠራ የጌሙን ስምና የአሁኑን ቨርዥን፣ የፋይሉን የመጀመሪያ 16 ባይትና የመጨረሻ 256 ባይት፣ የሪፓክ ኢንፎ ያወጣውን ጽሑፍ፣ ያለ ለውጥ ያሸጉት ሠርቶ እንደሆነና ያሸጉበትን ትዕዛዝ ቃል በቃል ይላኩ። ፓኩን ራሱን አይላኩ።